የጋሽ ሙህዲን ጊታርና የመልአኩ ወይን

መልአኩ ወደ ሮቤ የመጣው በዩኒቨርሲቲው ስለ አትክልትና ፍራፍሬ ሊያስተምር ነው። ከዚያ በፊት ስድስት ዓመት ዝዋይ አካባቢ አንድ የወይን እርሻ ላይ ሠርቷል። ወይን መቅመስ የተማረው እዚያ ነው፤ ከተማረ በኋላም መተው አልቻለም። አዲስ አበባ በሄደ ቁጥር አምስት ስድስት ጠርሙስ በልብሱ ጠቅልሎ ይመለሳል። ከሥራ ሲገባ አንድ ብርጭቆ ቀድቶ ስለ ጣዕሙ ደብተር ላይ ይጽፋል። ብቻውን የሚኖር ሰው ነበር። ሮቤ ውስጥ ስለዚህ ነገር የሚያወራው አላገኘም።

አንድ ቅዳሜ ለጉዳይ ጎባ ሄዶ ዝናብ ያዘውና ሮጦ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ገባ። ከጣቃዎቹ ጀርባ ቦክስ ጊታር ይሰማል። መጀመሪያ ሬዲዮ መስሎት ነበር። ከባንኮኒው አሻግሮ ሲያይ ስልሳውን ያለፉ ኮፍያ ያደረጉ ሰው በርጩማ ላይ ተቀምጠው ይጫወታሉ። ክሩን የሚነኩት በጥፍራቸው ሳይሆን በጣታቸው ሥጋ ነው፤ ድምፁ ከእጃቸው ለመለየት የሚያመነታ ይመስል ነበር። ሰውየው ቀና ብለው አዩትና «ኮቱ፣ ና ተቀመጥ፤ እስኪያባራ» አሉት። ዝናቡ አባርቶም መልአኩ አልተነሣም።

ሙህዲን ይባላሉ። የጊኒር ልጅ ናቸው። ጊታር የተማሩት በወጣትነታቸው በቀበሌ የኪነት ቡድን ውስጥ ነው፤ ቡድኑ ሲበተን አንዱ ጊታር እሳቸው ጋ ቀረ። ጎባ ሱቅ ከከፈቱ አርባ ዓመት ሊሆናቸው ነው። መድረክ ላይ ያያቸው የለም፤ ያስቀረጹት ዘፈንም የለም። ዜማዎቹን የሚያወጡት ራሳቸው ናቸው፤ ስም እንኳ አላወጡላቸውም። የሰፈሩ ሽማግሌዎች በአንድ ወቅት ነገሩን አንሥተውባቸው ነበር። ተነጋግረው ሲያበቁ፣ ዘፈንና መጠጥ እስከሌለበት ድረስ በገዛ ሱቃቸው ቢጫወቱ ማንንም አይጎዳም ተብሎ ተተወላቸው። ጋሽ ሙህዲን ይህን የነገሩት እየሳቁ ነበር፤ መልአኩም አብሯቸው ሳቀ።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ጎባ መሄድ ልማዱ ሆነ። ገበያተኛ ሲመጣ ጋሽ ሙህዲን ጊታሩን አስቀምጠው ጨርቅ ይለካሉ፤ ገበያተኛው ሲሄድ ካቆሙበት ይቀጥላሉ። አንድ ቀን በስልኩ መቅረጽ ይችል እንደሆነ ጠየቃቸው። ትንሽ አሰቡና «ላንተ ከሆነ ቅዳ» አሉት። ሰባት ዜማ በቪዲዮ ቀዳ።

ከሰባቱ አንዱ ከሌሎቹ ይለያል። ቀስ ብሎ ይጀምርና በመሃል እየደጋገመ አንድ ቦታ ላይ ይቆያል፣ ወደፊት መሄድ የፈራ ይመስላል። ጋሽ ሙህዲን ይህን ያወጡት ባለቤታቸው ረቢያ ታማ በተኛችበት ጊዜ እንደሆነ ነገሩት። ሕመሙ እንቅልፍ ሲነሣት አልጋዋ አጠገብ ተቀምጠው እስክትተኛ ድረስ ይመቱላት ነበር። ሁለት ዓመት እንዲህ ሆኑ። ካረፈች አራት ዓመቷ ነው። ይህን ሲነግሩት ዓይናቸው ጊታሩ ላይ ነበር።

ቤቱ ሲገባ ዜማዎቹን እየሰማ ወይን መቅመስ ጀመረ። ደረቁ ቀይ ወይን ከአንደኛው ዜማ ጋር ሲጠጣ ጠጣርነቱ ይለዝባል። ነጩ ፈጠን ካለው ጋር ይስማማል። የረቢያን ዜማ ከብዙዎቹ ጋር ሞክሮ በመጨረሻ ከጣፋጩ ቀይ ጋር አዛመደው። ደብተሩ ሞላ። እንደዚያ ደስ ብሎት የጻፈበት ጊዜ አልነበረም።

ሮቤ ውስጥ ትንሽ ሆቴል የከፈተው ጓደኛው ሳሚ ደብተሩን አይቶ ለእንግዶቹ የወይን ቅምሻ ዝግጅት እናድርግ፣ ጋሽ ሙህዲንም መጥተው ይጫወቱ አለው። መልአኩ ጎባ ሄዶ ጠየቃቸው። ጋሽ ሙህዲን አልተቀየሙም። መጠጥ ባለበት እንደማይቀመጡ ነገሩት፤ ቀጥለውም፣ ሰዎቹ በእውነት መስማት ከፈለጉ ከአስር ሰዓት ሶላት በኋላ ቤታቸው ይዟቸው እንዲመጣ፣ ልጃቸው ሰቢሪና ከሃረና ጫካ በመጣ ማር ብርዝ እንደምታዘጋጅላቸው፣ እሳቸውም የፈለጉትን ያህል እንደሚጫወቱላቸው አሉት። መልአኩ አመሰገነ፤ አስብበታለሁ ብሎ ወጣ። ግን አላሰበበትም። ወይን የሌለበት የወይን ዝግጅት እንዴት ይሆናል እያለ በሚኒባሱ ውስጥ ለብቻው ፈገግ ብሎ ነበር።

ዝግጅቱ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ተደረገ። ሃያ ያህል ሰው መጣ፤ አብዛኛው መምህርና የጤና ባለሙያ ነው። መልአኩ ቪዲዮዎቹን በሆቴሉ ቴሌቪዥን አሳየ። ጠርሙሶቹ ከቴሌቪዥኑ ሥር ተደርድረዋል። እያንዳንዱን ወይን ከዜማው ጋር አስተዋወቀ፤ ጣፋጩ ቀይ ላይ ሲደርስ ስለ ረቢያ ሕመምም ተናገረ። አንዲት ነርስ ዓይኗን ጠረገች። መጨረሻ ላይ ተጨበጨበ። ሳሚ ይህን በስልኩ ቀርጾ በማግስቱ ቲክቶክ ላይ ለቀቀው፤ የጋሽ ሙህዲን ፊት ከላይ፣ የወይን ብርጭቆዎች ከታች ይታያሉ። መልአኩ ራሱም ለሚያውቃቸው ሁሉ ላከው። ይህን የመሰለ ሰው ተደብቆ ሊቀር ነበር ብሎ አሰበ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሱቁ ሲገባ ጊታሩ በቦታው የለም። ጋሽ ሙህዲን እንደ ወትሮው አካም ጅርታ ብለው እጁን ጨበጡት፤ ሻይም አዘዙለት። ቪዲዮውን ያሳየቻቸው ሰቢሪና እንደሆነች ነገሩት። እሳቸው ዘንድ ከመድረሱ በፊት ግን መስጊድ ውስጥ ያላየው ሰው አልነበረም። ሙህዲን መጠጥ ቤት ይጫወታል ተብሎ ተወርቷል። እንዳልሄዱ አስረድተዋል፤ ያመኗቸው አሉ፣ ያላመኗቸውም አሉ።

መልአኩ ቪዲዮውን እንደሚያስጠፋው፣ ሽማግሌዎቹንም ሄዶ እንደሚያስረዳ ተናገረ። እሳቸው በእጃቸው አስቆሙት።

«ያን ዜማ ለምን እንዳወጣሁት ነግሬህ ነበር» አሉት።

«አዎ፣ ነግረውኛል።»

«ታውቅ ነበር ማለት ነው።»

ጋሽ ሙህዲን ከዚያ በላይ አልወቀሱትም።

ቪዲዮውን ሳሚ አጠፋው፤ ሌሎች ግን አስቀድመው አውርደው በየቦታው በትነውታል። መልአኩ ሽማግሌዎቹ ዘንድ ሄዶ ጥፋቱ የእሱ እንደሆነ ተናገረ። በክብር ሰሙት፤ ሲወጣም ሸኙት። ከሁለት ወር በኋላ ጋሽ ሙህዲንን ይቅርታ ጠየቃቸው። «አውፍ ብዬሃለሁ ኢልማ ኮ፣ ልጄ፤ ያኔውኑ ነው ያልኩህ» አሉት። ደፈር ብሎ፣ ሰዎቹን አሁን ቤታቸው ይዞ ቢመጣ ይጫወቱላቸው እንደሆነ ጠየቀ። ጋሽ ሙህዲን የያዙትን ጨርቅ አጥፈው ጨረሱ።

«ያኔ ብትመጡ ደስ ይለኝ ነበር» አሉ። «ጊታሩን ጊኒር ላለው ወንድሜ ላክሁት። እዚህ ካለ እጄ አያርፍም።»

አሁንም ጎባ ሲሄድ ወደ ሱቁ ጎራ ይላል። ስለ ዝናቡና ስለ ስንዴው ያወራሉ። የሚያስፈልገው ነገር ካለ ይገዛል፤ ጋሽ ሙህዲን በደንብ ለክተው፣ ትንሽ ጨምረው ይቆርጡለታል፤ እንደማንኛውም ደንበኛ። መልአኩን የሚያመው ይህ ነው። ቢቆጡት ይሻለው እንደነበር ለሳሚ ነግሮታል።