የመጠለያው ሰማንያ ወንበር

ስዊድን አገር፣ ቴንስታ ሰፈር፣ ከአንዱ ረጅም ሕንፃ ሥር፣ ከብስክሌት ማቆሚያው አጠገብ፣ ውፍረቱ ክንድ የሚያህል የብረት በር አለ። ስዊድኖቹ ድሮ ቦምብ ቢዘንብ ብለው የሠሩት መጠለያ ነው። ቦምቡ ሳይመጣ ሲቀር ዕድሩ ገባበት።

ሰማንያ የፕላስቲክ ወንበር፣ ስድስት ትልልቅ ድስት፣ ሦስት መቶ ሳህን፣ ሁለት ድንኳን። ቁልፉ ያለው ጋሽ ዓወል ዘንድ ነው፤ የወሎ ሰው፣ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር፣ የዕድሩ ዕቃ ቤት ኃላፊ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ክርስቲያን ይሙት ሙስሊም፣ ከቴንስታ ይጥሩ ከዩልስታ፣ ዘመድ እንባውን ሳይጠርግ ወንበሩ ደጁ ላይ ነው።

ታዲያ ልጆቼ፣ ዓለም ተጣላ። ሩሲያ ዩክሬንን ወጋች፤ ስዊድንም ሁለት መቶ ዓመት የለበሰችውን ገለልተኝነት እንደ አሮጌ ካፖርት አውልቃ ኔቶ ገባች። በየፖስታ ሣጥኑ ጦርነት ቢመጣ ምን እንደሚደረግ የሚመክር ቢጫ መጽሔት ወደቀ። ውሃ ያዙ፣ ብርድ ልብስ ያዙ፣ ምግብ አስቀምጡ፣ ከጎረቤት ተዋወቁ ይላል። ብዙም ሳይቆይ ከአከራዩ ድርጅት ደብዳቤ ተከተለ። መጠለያው ውስጥ በአርባ ስምንት ሰዓት ተራግፎ የማያልቅ ዕቃ አይቀመጥም፤ የዕድሩ ዕቃ በዚህ ሰዓት ውስጥ ተራግፎ የሚያልቅ መሆኑን የተከራዮች ኮሚቴ እስከ ወሩ መጨረሻ አርብ ወስኖ ይፈርም፤ ካልፈረመ ዕቃው ይወጣል።

ጋሽ ዓወል ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበቡ። ሌላ የተገኘው ቦታ ፋርስታ ነው፣ ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ። ወንበሩ ከፋርስታ እስኪመጣ ሐዘንተኛ ቆሞ ሊያለቅስ ነው። ሰው ደግሞ ሁለት ሦስቴ ቆሞ ካለቀሰ ዕድሩን ይተዋል።

ኮሚቴው አምስት ሰው ነው። አንዱ ራሳቸው ጋሽ ዓወል ናቸው፤ ግን ጉዳዩ የራስህ ነው ተብለው ድምፅ ተከለከሉ። ሰብሳቢዋ ጉኒላ ሰው ሁሉ ካልተስማማ የማትፈርም ደግ ሴት ናት። ለናርት የሚባለው ሽማግሌ ሁልጊዜ ድምፀ ተአቅቦ ነው፤ አገሪቱ ገለልተኝነቷን ስትጥል አንስቶ የለበሰው እሱ ይመስላል። የቀሩት ቫዲምና ሃሊና ናቸው።

ቫዲም ሃያ ዓመት እዚሁ ኖሮ የሕንፃውን ሁሉ ቧንቧ በነፃ ሲጠግን የከረመ ሰው ነው። ከጦርነቱ በፊት “ቫዲም ቧንቧ” ነበር የሚባለው፤ ጦርነቱ ሲጀመር “ሩሲያዊው” ሆነና አረፈው። ጦርነቱን ተቃውሞ በአደባባይ መፈረሙን የሚያውቁት ጥቂት ናቸው። ሃሊና ከዩክሬኗ ካርኪቭ ከመጣች ሦስት ዓመቷ ነው፤ እዚያ የትምህርት ቤት ምክትል ዳይሬክተር ነበረች። “ልምድ አላት” ተብላ የመጠለያው ኃላፊ ተደረገች። የምን ልምድ እንደሆነ ግን የጠየቃት የለም።

“በሰዓቱ ይራገፋል” አለ ቫዲም በመጀመሪያው ስብሰባ። “እኔም አግዛለሁ።”

“አይራገፍም” አለች ሃሊና ጉኒላን እያየች። ወደ ቫዲም አታይም።

“ድስቱን እኮ ሁለት ሰው ያነሳዋል።”

“ይኼ ሰውዬ ይነሳል ያለው ነገር አይነሳም ብላችሁ መዝግቡልኝ።”

በሁለተኛው ስብሰባ ሃሊና ግድግዳው ነጭ ይቀባ ስትል ቫዲም ነጭን ተቃወመ። በሦስተኛው ሁለቱም የስብሰባው ክፍል መስኮት ይከፈት አሉ፤ ከዚያ መስማማታቸውን ሲያውቁ ሁለቱም ተዉት። “የጸጥታው ምክር ቤትም እንዲሁ ነው የሚውለው” አሉ ጋሽ ዓወል በልባቸው፤ “እነሱ ግን አበል አላቸው።”

ጉኒላ አጥኚ አስመጣች። አጥኚው ሃያ ሁለት ገጽ ጽፎ፣ ዕቃው በስልሳ አንድ ሰዓት ይወጣል አለ፤ ፊካ የሚሉት የቡና ዕረፍት ተቆጥሮ፣ ወገብ እንዳይጎዳ የሚሰጠው ሥልጠና ተጨምሮ። ቀጥሎ አንድ ጥንቁቅ ጎረቤት፣ ሩሲያዊው የመጠለያውን ቧንቧ ፎቶ ያነሳል ብሎ ለፖሊስ ደወለ። ሁለት ትሑት ፖሊሶች መጡ። ቧንቧውን አይተው አለፉ፤ ድስቱ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

“ይህ ለምንድን ነው?”

“ለሞት ጊዜ” አለች ብዙአየሁ፣ የዕድሩ ወጥ ቤት አዛዥ።

“ስንት ሰው ሲሞት?”

“አንድም ይበቃል።”

ጽፈው ሄዱ።

ውሳኔው አንድ ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ጋሽ ዓወል ቫዲምን ሊፍቱ አጠገብ አገኙት። የመሣሪያ ሣጥኑን ይዟል። ሊፍቱ መጥቶ ተከፈተ፣ ተዘጋ፤ እሱ አልገባም።

“ምነው ቫዲም?”

“እናቴ ሞተች። ቮሮኔዥ።”

“አይ፣ አይ… ታዲያ ወዴት ነህ?”

“ሥራ።”

“አገርህ አትሄድም?”

“ብሄድ በፈረምኩት ያስሩኛል።”

“እዚህስ ሰው አለህ? አብሮህ የሚቀመጥ?”

ቫዲም ትከሻውን ሰበቀ። የአገሩ ሰዎች ከሃዲ ይሉታል፤ የቀረው ሩሲያዊ ይለዋል። ጋሽ ዓወል የመሣሪያ ሣጥኑን ከእጁ ተቀብለው ወደ ቤቱ መለሱት፤ ከዚያ በቀጥታ ወደ ብዙአየሁ ሄዱ።

“አባል ነው እንዴ?” አለች ብዙአየሁ።

“ማድ ቤትሽ በውሃ ሲጥለቀለቅ አባል ነህ ወይ ብለሽ ጠየቅሽው?”

“እሱስ ልክ ነዎት ጋሽዬ። ግን ነገ ሃሊና ወይ ትፈርምልናለች ወይ ትጥለናለች። ዛሬ ለሩሲያ ድንኳን ስንተክል ብታየንስ?”

ጋሽ ዓወል መንገዱን ሁሉ ይህንኑ ሲያወጡ ሲያወርዱ ነው የመጡት። በደረት ኪሳቸው ያለውን ቁልፍ ዳበስ አደረጉ።

“የሞተችው እናቱ ናት” አሉ በመጨረሻ። “ሩሲያማ መች ሞተች።”

ብዙአየሁ ነጠላዋን አነሳች። “እንግዲያው ሁሉም ይውጣ። ነገ ለሚጣል ዕቃ ዛሬ ምን ያሳሳል?”

ስልክ ተደወለ። ታክሲውን ያቆመው፣ ከአረጋውያን ቤት ፈረቃዋን የጨረሰችው፣ ሱቁን ለሚስቱ የተወው፣ ሁሉም መጣ። አስተባባሪ አልተሰየመ፣ ሥልጠና አልተሰጠ። ወንበሩ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ወደ ግቢው ወጣ፤ ድስቱ ወጣ፤ ድንኳኑ ቆመ።

ሃሊና ከብረቱ በር አጠገብ ስልኳን ይዛ ቆማለች። ጋሽ ዓወል ወንበር ተሸክመው ባለፏት ቁጥር አንገታቸውን ደፉ፤ ማስረጃ የምትቀርጽ መሰላቸው።

ቫዲም ከነሥራ ልብሱ መሃል ተቀመጠ። ሴቶቹ የእናቱን ስም ጠየቁት፤ ታማራ አለ። “እትዬ ታማራ” እያሉ አለቀሱላት፣ አብራቸው ውሃ እንደቀዳች ሁሉ። ከሰዓት በኋላ ንፍሮ ቀረበ። ሃሊናም ያኔ ቀረብ አለች።

“ምንድን ነው?”

“ስንዴ ነው። ለሐዘን ይቀቀላል” አሉ ጋሽ ዓወል።

ቆንጠር አድርጋ ቀመሰች። ብዙ አላመጠችው። “እኛም ለሙት ስንዴ እንቀቅላለን። ግን ማር አለው።”

“ዘቢብ” አለ ቫዲም፣ ሳያስበው።

“ማር።”

“እናቴ ዘቢብ ነበር የምታደርገው።”

ሃሊና አፏ ላይ የደረሰውን ቃል ዋጠችው። ሁለተኛ ዘገነች። “ዘቢብም ይሆናል” አለች ለድንኳኑ ምሰሶ። ይህ ስምምነት በቃለ ጉባኤ አልተያዘም።

አርብ ጠዋት ጋሽ ዓወል ስብሰባ ገብተው የቫዲምን ወንበር ባዶ ሲያዩት ነው ነገሩ የገባቸው። ብዙአየሁ “ሐዘንተኛ ሦስት ቀን ከቤት አይወጣም” ብላ አስቀምጣዋለች፤ እሳቸውም “ደግ ብለሻል” ብለዋታል። ያለቻቸውን አንዲት ድምፅ በገዛ እጃቸው ቤት ዘግተውባታል። የቀረችው ሃሊና ናት።

ሃሊና ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። “ሠላሳ አራት ደቂቃ።”

“ምኑ?” አለች ጉኒላ።

“ትናንት መጠለያው ባዶ እስኪሆን የፈጀው። መመለሱ ሦስት ሰዓት ወሰደ፤ ያወራሉ። ደብዳቤው ግን ስለ መመለስ አይልም። በአርባ ስምንት ሰዓት ሰማንያ አራት ጊዜ ይራገፋል።”

“አጥኚው እኮ ስልሳ አንድ ሰዓት…”

“አጥኚው ሰው አልሞተበትም” አለች ሃሊና። “ካርኪቭ ምድር ቤት አሥራ ዘጠኝ ቀን ተቀመጥን። ስልሳ ሰው፣ አንድ ድስት። ባዶ መጠለያ የሚያምረው ለመርማሪ ነው። ዕቃው ይቀመጥ። ድስቶቹ ግን ወደ በሩ ይጠጉ።”

ለናርት ድምፀ ተአቅቦ አደረገ። ጉኒላ ሁሉም ተስማማ ብላ ፈረመች።

ደረጃው ላይ ሃሊና ደረሰችባቸው። “ዓወል፣ ዕድሩ አዲስ ሰው ይቀበላል?”

“ይቀበላል።”

“እሱ ተመዝግቧል?”

ጋሽ ዓወል መዋሸት አልቻሉም። “ትናንት ብዙአየሁ አስመዝግባዋለች።”

“እንግዲያው እኔን ሌላ ገጽ ላይ ጻፈኝ።”

“እሺ” አሉ።

ቤታቸው ገብተው የዕድሩን ደብተር ሲገልጡ የቀረው የመጨረሻው ቅጠል ነው፤ ፊቱ ላይ ቫዲም ሰፍሯል። መነጽራቸውን አደረጉ፣ ቅጠሉን ገለበጡትና ጀርባው ላይ ሃሊናን ጻፏት።