በስልክ የተጋገረ የዶሮ ፓይ

ወይዘሮዋ በስልክ ያሉኝ እንዲህ ነው፦ «ከባድ ነገር አላዛትም። ቀላል የዶሮ ፓይ ትሥራልኝና እናያለን።»

የዶሮ ፓይን ቀላል የሚለው ሠርቶት የማያውቅ ሰው ነው። ከታች ሊጥ፣ ከላይ ሊጥ፣ መሃሉ ላይ በወተትና በዱቄት የወፈረ ዶሮ፤ ሲያዩት ምንም አይመስልም። እኔ ሆቴል ሳህን አጣቢ ሳለሁ ሼፉ እጁን እየሸፈነ ሲሠራ በብብቱ ሥር አጮልቄ አይቼ፣ ከዚያ ቤቴ ገብቼ አሳርሬ፣ ጥዬ፣ እንደገና ሠርቼ ነው የያዝኩት። ማንም አላስተማረኝም። የማንም ውለታ የለብኝም።

ችግሩ የምፈተነው እኔ አለመሆኔ ነው። የምትፈተነው ታናሽ እህቴ ናት። ቤት ውስጥ ጭምቷ እንላታለን። «እንላታለን» ያልኩት ከልማድ ነው እንጂ እናታችን ካረፈች ወዲህ ያለነው ሁለታችን ብቻ ነን። ጭምቷ ሳህን ስታጥብ እንኳን ሳህኑን እንዳትረብሸው የምትፈራ ልጅ ናት። ከዚህ በፊት ሁለት ቤት ሞክራ ሁለቱም ምሳ ሳይደርስ መልሰዋታል። ይሄኛውን እኔ ራሴ ነኝ ያገኘሁላት። ከቤታችን ብዙም አይርቅም፤ ደግሞ ተመላላሽ ነው፣ ማታ ማታ ቤቷ ትገባለች። ሌላ ቦታ ሄዳ ከሰው ቤት እንድታድር አልፈልግም፤ ይሄንንም ለወይዘሮዋ አስቀድሜ ተናግሬያለሁ። የላክሁላቸው ፎቶ ላይ ያለው ፓይ የኔ ነው። እጁ ብቻ የሷ ነው፤ ሳህኑን አስይዤ ነው ያነሳኋት።

ዘዴውም የኔ ነው። እሷ የስልኩን ድምፅ ዝቅ አድርጋ ሽርጧ ኪስ ውስጥ ትከተዋለች፣ መስመሩ አይዘጋም። እኔ ከምሠራበት ላውንደሪ ሆኜ እያዳመጥኩ እያንዳንዱን ነገር እነግራታለሁ። ወይዘሮዋ ወደ ወጥ ቤት ከመጡ ዝም እላለሁ። ኢርፎን ያለን አንድ ነው፤ እሱን እኔ ወሰድኩት። እጄ ካውያ ይዞ ውሎ ስልክ ሊይዝልኝ አይችልማ።

መጀመሪያው ጥሩ ነበር። ወይዘሮዋ ሳሎን ናቸው፣ ቴሌቪዥኑ ይሰማል። ቀዝቃዛውን ቅቤ ዱቄቱ ውስጥ ቁረጪ፣ በጣትሽ ጫፍ እሺው፣ በመዳፍሽ አይደለም፣ መዳፍ ይሞቃል እላታለሁ። «እሺ እትዬ» ትለኛለች። ውሃ ጠብ ጠብ አድርጊ፣ እንዳይበዛ። «እሺ እትዬ።» አሁን ሊጡ ምን ይመስላል ብዬ ብጠይቃት «ሊጥ» አለችኝ። አምላኬ ትዕግስቱን ስጠኝ ብዬ ኮሌታ ተኮስኩ።

ሊጡ ፍሪጅ ገብቶ አረፈ። ዶሮው ተቀቅሎ ከአጥንቱ ተለየ። ሽንኩርቱ ቅቤ ላይ ሲወድቅ በጆሮዬ አወቅሁት፤ ይንጫጫል፣ እሳቱ በዝቷል። ቀንሺ አልኳት፣ ቀነሰች። ዱቄት ነስንሺ፣ መረቁን ቀስ እያልሽ፣ ወተቱን ከሱ በኋላ፣ አማስዪ፣ እንዳታቆሚ። አቆምሽ እንዴ? አላቆምኩም አለች። አቁመሻል፣ ማንኪያው አይሰማኝም አልኳት። ማንኪያው ወዲያው መሰማት ጀመረ። የሰው ቤት ወጥ ቤት በአንድ ጆሮዬ የማዝ መስሎኝ፣ እኔ ራሴ ትንሽ ሳልኮራ አልቀረሁም።

ከዚያ ቴሌቪዥኑ ጠፋ። የነጠላ ጫማ ድምፅ መጣ፤ ወንበር ተሳበ።

«አተሩን እኔ ልፈልፍልልሽ፣ ብቻሽን ይሰለችሻል» አሉ ወይዘሮዋ።

የካውያው እንፋሎት ከኪሷ ውስጥ ሹ እንዳይልባት ብዬ የኔን ድምፅ ዘጋሁት። ከዚህ በኋላ መስማት እንጂ መናገር የለም። ሴትዮዋ ይነሳሉ ብዬ ጠበቅሁ። ሴትዮዋ አተር ይፈለፍላሉ። አተሩ ድስት ውስጥ ገባ፣ ሊጡ ከፍሪጅ ወጣ፣ ጠርሙስ ሊጡን እየዳመጠ ጠረጴዛው ላይ ተንከባለለ። ከዚያ ድስቱ ከምድጃው ሲነሳ ሰማሁ። ገና ከላዩ ላይ እንፋሎቱ ያልሄደ፣ ገና የሚንተከተክ ቅልቅል፤ ትኩሱን ሊጥ ላይ ልትገለብጠው ነው።

ይቀዝቅዝ፣ አስቀምጪው፣ ታቹ ይረጥባል ብዬ ጮኽኩ። ድምፄ የተዘጋ መሆኑን እያወቅሁ ጮኽኩ።

ባለላውንደሪው ጋሼ አንድ ኮት ላይ ቁልፍ እየተከሉ ነበር፤ ከመነጽራቸው በላይ አዩኝና ማነው የሚቀዘቅዘው አሉኝ። ሸሚዙ ነው አልኳቸው።

«ለሸሚዝ እንዲህ ከተጮኸ ለሱሪማ ፖሊስ ሊጠራ ነው» ብለው ወደ መርፌያቸው ተመለሱ።

አውራ ጣቴ ስልኩ ላይ ነው። ብከፍተው አንድ ቃል ይበቃል። ግን ያቺ ቃል የምትወጣው ከሷ ሆድ ላይ ነው፣ ሴትዮዋ ፊት ለፊት። ፓዩን ታድነዋለች፣ ልጅቷን ታስባርራታለች። ጣቴን መለስኩ። ቅልቅሉ ሲገለበጥ ሰማሁ። ላዩ ላይ ሊጥ አልብሳ ዳር ዳሩን በሹካ ስትጫን፣ እንፋሎት መውጫውን በቢላ ስትሰነጥቅ ሰማሁ፤ ይሄን እንኳን ሳልነግራት ነው። የምድጃው በር ተዘጋ።

«ማን አስተማረሽ?» አሉ ወይዘሮዋ።

ሆቴል ሠርቻለሁ በይ ብያታለሁ። እስከ በራቸው ድረስ እያስደገምኩ ነው የሸኘኋት።

«እህቴ» አለች።

«ታድለሽ። እሷስ ለምን ሰው ቤት አትሠራም?»

«እሷን ማን ደፍሮ ያዛታል።»

ወይዘሮዋ ሳቁ። እኔም፣ ምን እዋሻለሁ፣ ደስ አለኝ። ለጋሼ እንኳን ልነግራቸው ነበር።

ከዚያ ጭምቷ ራሷ ወሬ ጀመረች፤ እኔ እስከማውቃት ድረስ ወሬ ጀምራ አታውቅም። ሥራው የግድ ተመላላሽ መሆን አለበት ወይ ብላ ጠየቀች። ወይዘሮዋ ለሳቸው ሁለቱም አንድ እንደሆነ፣ ተመላላሽ ያለችው እህቷ እንደሆነች ነገሯት። ከወጥ ቤቱ ጀርባ ክፍል አለ፣ ግን አሮጌ ሻንጣ ሞልቶበታል አሉ።

«ሻንጣዎቹን አልነካም። መሃላቸው እተኛለሁ።»

«ምነው፣ ቤት የላችሁም እንዴ?»

«አለን።»

«እህትሽ ትመታሻለች?»

«ኧረ በፍጹም። እትዬ ጣቷን አንስታብኝ አታውቅም። ለኔ ብላ አይደል የምትለፋው።» ጠረጴዛውን ስትጠርግ ተሰማኝ። «ግን እዚያ ቤት ልክ ያደረግሁት ነገር የለም። ሻይ ሳፈላ እንኳን ከኋላዬ ቆማ ነው። አሁን አሁንማ ሳትኖርም ይሰማኛል። ብቻዬን ሆኜ ዕቃ ሳነሳ ድምጿ ይሰማኛል።»

ኪሷ ውስጥ መሆኔን ረስታዋለች። ወይም መስመሩ የተቋረጠ መስሏታል፤ ያን ያህል ጊዜ ዝም ብዬ አላውቅማ። መናገር አልችልም። መዝጋትም አልችልም፤ ብዘጋው ስልኩ ኪሷ ውስጥ ጢጥ ይላል። ኢርፎኑን ከጆሮዬ መንቀል ግን እችል ነበር። አልነቀልኩትም። ጋሼ ቀና ብለው ያ እጅጌ ተተኩሷል እኮ፣ ልቀቂው አሉኝ። አንዱን እጅጌ ስመላለስበት ቆይቻለሁ።

ምድጃው ተከፈተ። ቢላው የላዩን ሊጥ ሲሰብረው ጥርት ብሎ ተሰማኝ፤ ላዩ ጥሩ ወጥቷል። ሳህን፣ ማንኪያ። ቆሜ ፍርድ ጠበቅሁ።

«ይጣፍጣል» አሉ ወይዘሮዋ። «ታቹ ትንሽ ረጥቧል። ሌላ ጊዜ መጀመሪያ ቅልቅሉ ይቀዝቅዝልሽ።»

«እሺ» አለች።

ሌላ ነገር እስኪከተል ጠበቅሁ። ለምን እንደሚረጥብ፣ ስንት ጊዜ እንደተነገራት፣ አእምሮዋ የት እንደነበር። ምንም አልተከተለም። ይበሉ ነበር፣ ሁለቱም። ወይዘሮዋ አንድ ነገር አሉ፣ በደንብ አልሰማሁትም፤ እህቴ አፏ ሙሉ ሆኖ ስትስቅ ግን ሰማሁ።

ነጠላ ጫማው ራቀ። ጨርቅ ተንኮሻኮሸ፤ ስልኩ ከኪስ ወጣ።

«እትዬ፣ አለሽ?»

ድምፄን ከፈትኩ። ደንበኛ ይዞኝ ነበር፣ አሁን መመለሴ ነው አልኳት።

«ወደዱት። ተቀበሉኝ።»

እሰይ አልኳት። ጎሽ አልኳት። ሌላ ቃል ፈለግሁ፤ እኔ ቃል አጥሮኝ አያውቅም።

«ግን እትዬ...» ትንፋሿ ስልኩን ነካው። «አዳሪ ካልሆንሽ አይሆንም አሉኝ። ለመንኳቸው። እምቢ አሉ።»

ሆቴል ሠርቻለሁ ማለት ያቃታት ልጅ ይሄኛውን እንደ ውሃ አወረደችው።

«ግድ ከሆነማ ምን ይደረጋል» አልኳት።

«አትቆጪኝም?»

አልቆጣሽም አልኳት። ልብስሽንና ብርድ ልብስሽን ማታ ይዤልሽ ልምጣ ብላት፣ አይ አትድከሚ፣ እኔው ነገ ቀን ላይ ብቅ ብዬ እወስዳለሁ አለች። ነገ ቀን እኮ እኔ ሥራ ላይ ነኝ አልኳት። አውቃለሁ፣ ቁልፍ አለኝ አለች። ከሩቅ ወይዘሮዋ ጠሯት። «አቤት!» አለች፤ እንዲህ ጮክ ብላ አቤት ስትል ሰምቻት አላውቅም። መስመሩ ተዘጋ።

ጋሼ ሰላም ነው ወይ አሉኝ። እህቴ ተቀጠረች አልኳቸው።

«እንኳን ደስ አለሽ» አሉና የሚቀጥለውን ሸሚዝ አቀበሉኝ።