የሀረገወይን ቀኝ እጅ

ብርድ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም፣ ምድር ቤት ስለሆነ ነው፣ ይሄ የተኩስ አዳራሽ በጀርመን በጋ በሐምሌም አይሞቅም፣ ሀረገወይን ቀኝ እጇን ግራ ብብቷ ሥር ወሽቃ ተራዋን ትጠብቃለች፣ የሚያያት ሰው በርዷት ነው ይበል፣ ብርድ ማንን አያንቀጠቅጥም። ረቡዕ የነርቭ ሐኪሙ ዘንድ ቴርሚን፣ ቀጠሮ፣ ነበራት፣ አውራ ጣትዎንና ሌባ ጣትዎን ቶሎ ቶሎ ያነካኩ አላት፣ በግራዋ አነካካች፣ ደህና፣ በቀኟ ስትሞክር ጣቶቿ መሀል ላይ እንደ ደከመው ሰው ቀስ አሉ፣ ሐኪሙ ብዕሩን አስቀመጠና ፓርኪንሰን አላት፣ በእርስዎ ዕድሜ ብዙም አይታይም፣ ግን ይታያል፣ እሷም ዳንከ ብላ ወጣች፣ ዳንከ፣ ለምኑ ነው የምታመሰግነው፣ ከዚያ በቀጥታ የአረጋውያን መኖሪያዋ፣ አልተንሃይሟ፣ ገብታ ፈረቃዋን ሠራች፣ አዛውንቶቹን አጠበች፣ አበላች፣ ማንኪያውን በግራዋ ይዛ።

ለማንም አልተናገረችም። ለማን ትንገር።

ሳሊም አጠገቧ ቁጭ ብሎ ጥይት ካዝና ውስጥ እየሞላላት ነው፣ ጥፍሬ ይሰበራል ብላ ነው የሰጠችው፣ ዋሸችው፣ እነዚያ የባቄላ ፍሬ የሚያክሉ ጥይቶች ከጣቷ እያመለጡ መሬት ላይ ሲንከባለሉ እንዳያይባት ነው። ሳሊም ቦናመስ የሚኖር፣ መጋዘን የሚሠራ፣ በዕድሜ የሚያንሳት ጎረምሳ ነው፣ በዚህ የሮደልሃይም ክለብ ያሉት ሐበሾች ሁለቱ ብቻ ስለሆኑ ጥንድ ሆነው ይወዳደራሉ፣ የሁለቱ ነጥብ ይደመራል። እሱ ተኩሶ ጨርሷል፣ እንደ ዛሬም ቀንቶት አያውቅም፣ ፊቱ በርቷል፣ አንቺ እንደ ወትሮሽ ብቻ ተኩሺ እቴ ይላታል፣ እንደ ወትሮሽ፣ ከዚያ ለፍጻሜው ካሰል ነን፣ ለመጋዘኑ ሰው ሁሉ ነግሬያለሁ።

እንደ ወትሮዋ። ወትሮ ምን ነበረች። ዞሰንሃይም በገባች በመጀመሪያው ዓመት የሲልቬስተር፣ የፈረንጅ አዲስ ዓመት ዋዜማ፣ ርችት ሲፈነዳ የመታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ተኝታ ብርድ ልብስ የተከናነበች ሴት ነበረች፣ አገር ቤት የተወችው ጦርነት አድራሻዋን ጠይቆ የመጣባት መስሏት፣ ጋሪ ሲወድቅ ግድግዳ የምትጠጋ። አንድ ቀን አልተንሃይም ውስጥ የልደት ፊኛ ፈነዳና የያዘችውን ሾርባ ለቀቀችው፣ ባሏን ልትጠይቅ የመጣች ጊዘላ የምትባል አሮጊት አየቻት፣ ደንግጣ አላቀፈቻትም፣ አላዘነችላትም፣ ጎንበስ ብላ ስባሪውን አብራት ለቀመችና እሑድ ነይ አለቻት፣ እኔ የተኩስ ክለብ ተቆጣጣሪ ነኝ፣ ድምፁን ራስሽ ስታወጪው ሌላ ነው። ጊዘላን በጀርመንኛ ዱ፣ አንቺ፣ ትላታለች፣ ክለቡ ውስጥ ሁሉም እንዲያ ነው የሚባባለው፣ በሆዷ ግን አንቱ ናቸው።

የሥራ ባልደረባዋ ጸሃይቱ ስትሰማ አብደሻል አለቻት፣ ሰው ከጥይት አምልጦ መጥቶ ከፍሎ ይተኩሳል እንዴ። ምናልባት አብዳለች። ግን ያቺ ትንሿ ሽጉጥ፣ የክለቡ ሽጉጥ፣ ክላይንካሊበር የሚሏት፣ እጅ የማትመታ፣ ድምፅዋ ደረቅ እንጨት እንደ መስበር ያለ፣ ጧ፣ ያችኛዋ አስተኛቻት። የትልቁን ጥይት ዋጋ እንደሷ ያለ ሠራተኛ አይችለውም፣ ባለ ትልልቆቹ ቆንጆ ሽጉጣቸውን ይዘው ይመጣሉ፣ ጥቂት ተኩሰው ኪሳቸውን እያሰቡ ይሄዳሉ፣ እሷ ግን በትንሿ እሑድን ሙሉ ትቆማለች፣ አመዛዘዙ ያው፣ ሩጫው ያው፣ ካዝና መቀየሩ ያው፣ ኢላማው ያው፣ በዚያ ሁሉ ውስጥ ጭንቅላቷ ዝም ይላል፣ በዓለም ላይ ጭንቅላቷ ዝም የሚልበት ሌላ ቦታ የለም፣ ይሄን ከወሰዱባት ምን ይቀራታል፣ ክፍሏ፣ ፈረቃዋ፣ ይሄ እጅ።

ሀረገወይን ትላለች ጊዘላ፣ ረ ላይ ተደናቅፋ፣ ሁሌም እንደምትደናቀፈው። ተራሽ ነው።

እጇን ከብብቷ ታወጣለች። ዝም ብሏል። አየሽ፣ ዝም ብሏል፣ ሐኪም ሁሉን አያውቅም፣ ሐኪምም ይሳሳታል፣ የጆሮ መከላከያዋን ታደርጋለች፣ መስመሩ ላይ ትቆማለች፣ ጊዘላ ሰዓት መያዣውን ይዛ በቀኟ በኩል፣ ሳሊም ከኋላ፣ እግዜር ሆይ ይቺን ብቻ፣ ሌላ አልለምንም፣ ይቺን አንዴ ብቻ።

ጲጵ።

ትመዛለች፣ የመጀመሪያው የኢላማ ብረት ይወድቃል፣ ሁለተኛው ይወድቃል፣ ምን ያማረ ነው፣ ሦስተኛው ላይ አፈሙዙ ይዋልላል፣ ትስታለች፣ ድገሚ፣ ትስታለች፣ ቀስ በይ፣ ቀስ ማለት አይቻልም፣ ሰዓቱ እየሄደ ነው፣ ይወድቃል፣ ተመስገን፣ ወደ ግራ ትሮጣለች፣ ካዝና ትቀይራለች፣ ካዝናው ጠርዙን ይስትና ዳግመኛ ይገባል፣ አሁን እጇ ጀምሯል፣ ታየዋለች፣ የሌላ ሰው እጅ እንደሚያይ ሰው፣ ምላጩን ትስባለች፣ ቀጭ። ጥይቷ አልጮኸችም። የእነዚህ ርካሾች ችግር ይሄ ነው፣ ማቀጣጠያዋ በቀለኋ ጠርዝ ዙሪያ ስለሆነ አንዳንዷ ሳትሰማ ትቀራለች፣ ለዚህም ተለማምዳለች፣ ጣትሽን አውጪ፣ የላዩን ብረት ሳቢ፣ የከሸፈችው ትውጣ፣ ቀጥዪ፣ በግራዋ ትስበዋለች፣ ጣትሽን አውጪ ትለዋለች ቀኟን፣ አውጣ፣ ጣቷ ግን አልወጣም፣ እዚያው ምላጩ ላይ እየተርገበገበ ነው፣ ጧ።

ከፊቷ ወለሉ ላይ ትንሽ አቧራ ይነሳል።

ሽቶፕ። ጊዘላ አልጮኸችም፣ ድምፅዋ ልክ እንደ ወትሮው ነው። አራግፊ፣ አሳዪኝ፣ አስቀምጪ። ሀረገወይን ታራግፋለች፣ ታሳያለች፣ ታስቀምጣለች፣ የላዩ ብረት እየተሳበ የወጣ ጥይት ከውድድር ያስወጣል፣ ደንቡ ነው፣ ሕፃን ያውቀዋል፣ የሳሊም ነጥብም አብሮ ሄደ፣ ካሰልም ሄደ።

ከዚያ ሁሉም ደግ ይሆኑባታል። አንዱ ጢማም ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ ጥይቷ ናት አለ፣ ርካሽ ጥይት፣ እኔንም ዓምና እንዲሁ አድርጋኛለች። ሳሊም ከንፈሩን ነክሶ ቆይቶ፣ ግድ የለም እቴ፣ ሽጉጧ ናት፣ ጥይቷ ናት፣ በፀደይ እንደገና እንሞክራለን አላት። ጊዘላም የሚመጣው እሑድ እንይሽ አለች። በቃ። ማንም አልጠረጠረም። ጥይቷ ናት ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅባት፣ አንድ ቃል፣ እንዲያውም ቃል አያስፈልግም፣ አንገቷን ብትነቀንቅ ይበቃል፣ እሑዷን ታተርፋለች፣ ሌላ እሑድም፣ መድኃኒቱም ይጀመራል፣ ሐኪሙ ይረዳል ብሏል፣ ማን ያውቃል፣ በልክ ትተኩሳለች፣ ጠዋት ጠዋት ብቻ፣ እጇ ደህና በሆነ ቀን ብቻ፣ ማን ያውቃል።

አንገቷን ልትነቀንቅ ስትል የጊዘላን ሱሪ ታያለች። ከቁርጭምጭሚቷ በላይ ጨርቁ ተቀዷል፣ ትንሽ ነው፣ ወለሉን መትቶ የተፈናጠረ የእርሳስ ስባሪ የሚቀደው ያህል፣ ከቀዳዳው ውስጥ ቆዳው ቀልቷል፣ አልደማም፣ ጊዘላ አላወቀችም፣ ወይም አውቃ ዝም ብላለች፣ ያቺ ስባሪ ብትፈናጠር፣ ትንሽ ከፍ ብላ ብትፈናጠር፣ አታስቢው፣ አስቢው፣ በዚህ እጅ ነው፣ እኔ ነኝ፣ ጥይቷ አይደለችም።

ጊዘላን ወደ ክለቡ ትንሿ ማዕድ ቤት ይዛት ትገባለች። ጊዘላ፣ ፓርኪንሰን አለብኝ ትላታለች፣ ረቡዕ ነው የነገሩኝ፣ እያወቅኩ ነው የተኮስኩት። እንዲህ በአንድ ትንፋሽ፣ ሰዋስውዋ እንኳን አልተዛባም። ጊዘላ ዝቅ ብላ የተቀደደውን የገዛ ሱሪዋን ታያለች።

ከዛሬ ጀምሮ አትተኩሺም፣ ትላታለች። ለመምጣት ግን ነይ።

ምንም ሌላ የለም። አልተቆጣችም፣ አልሳመቻትም፣ ወጥታ ሄደች፣ ቀጣዩ ተወዳዳሪ ይጠብቃታል። ሀረገወይን መሬቱ የሚከፈት መስሏት ነበር፣ አልተከፈተም፣ ፍሪጁ ያጓራል፣ አንድ ሰው ግማሽ የበላው ኬክ ጠረጴዛው ላይ አለ፣ ይኸው ነው፣ በቃ ይኸው ነው፣ አንድ ሰው እንዲህ ነው የሚያልቀው፣ ኬክ አጠገብ።

ሳሊም በሩን ገፋ ያደርጋል። እቴ፣ ምን ሆነሽ ነው።

ለጊዘላ በጀርመንኛ ተናግራለች፣ ጀርመንኛ የቢሮ ቋንቋ ነው፣ የሰው ጉዳይ እንደ ማስረዳት ነው፣ ፓርኪንሰን የሌላ ሰው በሽታ ይመስላል። በአማርኛ እንዴት ይባላል፣ እናቷ ብትኖር ምን ትላታለች።

እጄ እምቢ አለኝ ሳሊም ትለዋለች። በሽታ ነው። አይድንም።

አይድንም የምትለው ቃል ከገዛ አፏ ወጥታ በገዛ ቋንቋዋ ጆሮዋ ውስጥ ስትገባ ያን ጊዜ ይፈነዳል፣ ከረቡዕ ጀምሮ ያፈነችው ሁሉ፣ ጠረጴዛውን ይዛ ታለቅሳለች፣ ድምፅ አውጥታ፣ ሳሊም አይዞሽ አይልም፣ አይዞሽ ቢላት ትገፈትረው ነበር፣ ወንበር ስቦ ከፊቷ ይቀመጣል፣ ዓይኑም ቀልቷል፣ ለካሰል ይሁን ለእሷ አታውቅም።

ሥራ ቦታሽ ያውቃሉ ይላታል።

አያውቁም።

ነገ አብሬሽ ልምጣ፣ አለቃሽን አብረን እናናግራት።

ነገ አይሆንም፣ ነገን ተወኝ፣ አንድ ሳምንት፣ አንድ ሳምንት ብቻ ልትለው ነው፣ ከሥራ ካወጡኝስ፣ መኖሪያ ፈቃዴስ፣ ግን ነገ ጠዋት አልተንሃይም ያለውን አንድ ሽባ ሽማግሌ ከገንዳ የምታነሳው እሷ ናት፣ እርጥብ ነው፣ ይከብዳል፣ ሁለት እጁን አንገቷ ላይ አድርጎ ዓይኑን ይጨፍናል፣ እሷን አምኖ ነው የሚጨፍነው፣ ቀኟ ደግሞ አሁን ጠረጴዛው ላይ በራሱ ጊዜ ይርገበገባል፣ ማንኪያ እያንኳኳ።

ፊቷን በመዳፏ ትጠርጋለች።

ፈረቃዬ በጠዋት ነው ትለዋለች፣ እንዳታረፍድ።