የደረጃው መደገፊያ ጉዳይ

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱቄ ከደረጃው ሥር ስለሆነች የዚህን ሕንፃ ሰው ሁሉ ፊቱን ሳላይ በጫማው አውቀዋለሁ። አራት ወር ሙሉ የጠፋብኝ አንድ ጫማ ብቻ ነበር፤ የእትዬ።

እትዬ ሁለተኛ ፎቅ ነው የሚኖሩት፤ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናቸው። ዳሌያቸው ተሰብሮ ከሆስፒታል የተመለሱ ዕለት በወንበር ተሸክመን አወጣናቸው፤ በዚያው ቀሩ። ሐኪሙ «ደረጃ መውረድ ይችላሉ፣ ብቻ አጥብቀው የሚይዙት ነገር ይኑር» ብሏል። ደረጃችን ደግሞ መደገፊያ የለውም። የድሮው ዝጎ ስለነበር የሕንፃው ባለቤት አስነቀሉትና «በቅርቡ አዲስ ይገባል» አሉ። ይህን ካሉ ሁለት ዓመታቸው ነው።

እንግዲህ እትዬ እንደ ልጃቸው ያሳደጓት የወንድማቸው ልጅ ልታገባ ሆነ። ፊርማው በማዘጋጃ ቤት፣ ምስክሯ እትዬ፣ ቀኑ ከሦስት ሳምንት በኋላ። «እንሸከምዎትና እንሂድ» ብንላቸው፣

«ሰው ተሸክሞኝ ከዚህ ቤት የምወጣው አንድ ቀን ብቻ ነው» አሉ። «ያን ቀን ደግሞ መፈረም አልችልም።»

በእግራቸው ካልወረዱ እንደማይሄዱ ሁላችንም ገባን። ልጅቷ ደግሞ ያለ እሳቸው አልፈርምም አለች። ስለዚህ ሠርጉ በመደገፊያው ላይ ተንጠለጠለ።

መደገፊያ የሚሠራ ሰው በቤቱ አልጠፋም፤ እንዲያውም በዛ። የልጅቷ አባት፣ የእትዬ ታናሽ ወንድም፣ ሠላሳ ዓመት ድልድይ ሲሠሩ የኖሩ መሐንዲስ ናቸው። ፊት ለፊት «ጋሼ» እንላቸዋለን፤ ከጀርባቸው «ጋሽ ድልድይ»። ሙሽራው ደግሞ ፕሮግራመር ነው። ሰፈሩ «ኮምፒዩተሩ» ይለዋል።

ሁለቱ የተበላሹት ገና በተዋወቁበት ቀን ነው። የእትዬን ቀሚስ ልለካ ገብቼ ስለነበር በዓይኔ አይቻለሁ። ልጁ አንገቱን ሰበር አድርጎ «የሶፍትዌር መሐንዲስ ነኝ» አለ። ጋሼ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ።

«ምን ሠርተሃል?»

«የክሊኒክ ወረፋ ማስያዣ።»

«የት ነው የቆመው?»

«የቆመ ነገር እንኳ የለውም ጋሼ፤ ኮምፒዩተር ውስጥ ነው።»

«ሲወድቅስ?»

«እናስነሳዋለን።»

«በስንት ጊዜ?»

«በሁለት ደቂቃ።»

«ማን ይጠየቃል?»

«ማንም።»

ጋሼ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ሙያው ጥሩ ነው» አሏት። «ምሕንድስና ግን አይደለም።»

ስለዚህ የመደገፊያው ነገር ሲመጣ ልጁ ጦር ሜዳ እንደሚሄድ ሰው ተሽቀዳደመ። በማግስቱ ጠዋት ድሪልና ወፍራም ገመድ ይዞ መጣ። «ፍጹም የሆነ ነገር እስኪገኝ ሰው መጠበቅ የለበትም» አለኝ። «መጀመሪያ የሚሠራ ነገር እናወጣለን፤ ሰው እየተጠቀመበት እናሻሽለዋለን።» ከምሳ በፊት ገመዱ ከላይ እስከ ታች ተዘርግቷል። እኔም ጨርቅ ተሸክሜ ስወጣ፣ የጥረቱ አድናቂ ነኝና፣ ያዝ አደረግሁት። አንዱ መንጠቆ ተነቀለና ደረጃው ላይ ዘፍ አልኩ።

ልጁ እየሮጠ መጣ፤ ስልኩን አወጣ። «በጣም ጠቃሚ ነው እትዬ ሰፊዋ! የትኛው ነው የተነቀለው? ከላይ ሦስተኛው?»

የጠየቀው ስለ መንጠቆው ነው እንጂ ስለ ወገቤ አይደለም።

ከሰዓት በኋላ «የተሻሻለ» ብሎ ሁለተኛውን አወጣ፤ በማግስቱ ሦስተኛውንና አራተኛውን። በስልክ «የደረጃ ተጠቃሚዎች» የሚል ቡድን ከፍቶ የሕንፃውን ሰው ሁሉ አስገባ። ሰው መቼም ምን ይጨመር ካሉት የሚለው አያጣም። አንዱ ጃንጥላ የምንሰቅልበት ይኑረው አለ። አንዷ ቀለሙ ደስ አይልም አለች። አራተኛ ፎቅ ያለው ሰውዬ በጨለማ የሚያበራ ቢሆን አለ። ልጁ ሁሉንም ጻፈ፣ ለሁሉም አመሰገነ፣ ሌላ ቀዳዳ በሳ። በአምስተኛው ቀን ገመዱ አረንጓዴ ሆኗል፣ ስድስት ጃንጥላ ተሰቅሎበታል፤ ሰው መሸከም ግን አይችልም ነበር።

በዚያን ቀን ጋሼ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ወረዱ። ቀዳዳውን በጣታቸው እየነኩ ቆጠሩ። ሃያ ስድስት።

«እነዚህን ምን ልታደርጋቸው ነው?»

«ወደ ነበረበት እንመልሰዋለን ጋሼ።»

«ግድግዳውን?»

የልጁ ሁለት ጣቶች ሳያውቀው፣ የማይታይ ቁልፍ እንደሚጫን ሁሉ፣ አየሩን ነካ ነካ አደረጉ። ጋሼም አዩት፣ እኔም አየሁት። በእውነት አሳዘነኝ፤ ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ ስሕተቱን በሁለት ጣት ሲሰርዝ ኖሮ ዛሬ ሲሚንቶ ገጠመው።

«የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ» አሉ ጋሼ። «ገመድህን አውርድ። ሥራ እንዴት እንደሚሠራ አሁን ታያለህ።»

ጋሼ በመለካት ጀመሩ። ደረጃው ሠላሳ አራት ነው። እያንዳንዱን ለኩ። በማግስቱም እንደገና ለኩ።

«ሌሊት ያድጋል እንዴ ጋሼ?» አልኳቸው።

«ደረጃው አያድግም። ለኪው ግን ይሳሳታል» አሉኝ። እኔም ጨርቅ ቆራጭ ነኝ፤ በዚህ አልተከራከርኳቸውም። በአራተኛው ቀን ሲደግሙት ግን ቢያንስ በልቤ ተከራከርኩ።

ከዚያ እትዬ ቤት ተቀምጠው መንደፍ ጀመሩ። ወረቀቱ ጠረጴዛውን ሞልቶ ወደ አልጋው ተሻገረ። እትዬ ከመኝታ ቤታቸው ይጣራሉ።

«አንተ! ስንት ቀን ቀረን?»

«ቀስ በይ እታለም። ቀስ በቀስ እንቁላል እንኳ በእግሩ ይሄዳል።»

«እንቁላሉማ ሄዷል! የቀረሁት እኔ ነኝ።»

በዘጠነኛው ቀን ዘጠኝ ወረቀት ወጣ፤ በየግርጌው የጋሼ ፊርማ አለ። ጋሼ ያስመጡት ብረት በያጅ በዚያው ልክ የመጀመሪያውን ቱቦ ቆርጦ ከላይኛው ደረጃ ጎን ገጠመ። ቱቦው የእኔን ክንድ ያክላል። ጋሼ በርግጫ መቱት፤ ያመማቸው እሳቸውን ነው። ደስ አላቸው።

እትዬ በዱላቸው ተደግፈው ወጡ። እጃቸውን ዘረጉ፤ ጣቶቻቸው የቱቦውን ግማሽ ሳይሞሉ ቀሩ።

«ይህን ልይዘው ነው ወይስ ላቅፈው?»

«እታለም፣ ዝሆን ቢደገፍበት አይነቃነቅም።»

«እንግዲያው ዝሆኑ ይፈርምልህ» ብለው ወደ ክፍላቸው ተመለሱ።

በያጁ ሳቁን ለመዋጥ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ልጁ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ገለጠና ቀስ ብሎ ጠየቀ።

«ጋሼ፣ እጃቸው የቱ ጋ ነው የተለካው?»

ጋሼ መነጽራቸውን አደረጉ። የቱቦው ክብደት አለ፣ የብሎኑ ጥንካሬ አለ። ነፋስ እንኳ ተሰልቷል፤ ደረጃው ቤት ውስጥ ሆኖ ማለቴ ነው። የእትዬ እጅ ግን የለም።

አሁን ጉራውን ሊነፋ ነው ብዬ ጠበቅሁ። ልጁ ግን ራሱን እየነቀነቀ፣ «እኔም ያው ነኝ» አለ። «ሠላሳ ሰው ጠየቅሁ። እሳቸው ስልክ ስለማይዙ ቡድኑ ውስጥ የሉም።»

ሁለቱም ደረጃው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ስድስት ቀን ቀርቶናል። እትዬን እንዴት እናወርዳለን የሚለውን ሁለቱ ወንዶች አብረው ሲያስቡ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ልጁ ከእኔ ጠመኔ ተበድሮ ወጣ። እትዬ የቤታቸውን ኮሪደር ደረጃ ነው ብለው እንዲራመዱ አድርጎ፣ እጃቸው በደከመበት ቦታ ሁሉ ግድግዳው ላይ ምልክት አደረገ። የመጥረጊያ እንጨት አስያዛቸው፤ ቀጠነ። የጃንጥላ እጀታ፤ ከፋ። የእኔን የጨርቅ መጠቅለያ ዘንግ ሲይዙ ጣቶቻቸው ዞረው ገጠሙ። «ይኼ ነው» አሉ። ልጁ ዘንጉን እንደ ዋንጫ ከፍ አድርጎ ወደ ጋሼ ሮጠ።

«ቀጭን ነው» አሉ ጋሼ።

«የሚቆምበትን እግር ብናበዛለትስ? በየሁለት ደረጃው?»

ጋሼ እርሳሳቸውን አነሱ። በአንድ ከሰዓት ጨረሱት፤ ያለ ነፋስ።

በያጁ ሲገጥም እነሱ ከሱቄ በር ላይ ሆነው ይነታረካሉ። እኔ እሰፋለሁ፣ እሰማለሁ።

«የናንተ ነገር ሲበላሽ» ይላሉ ጋሼ፣ «‘ይቅርታ፣ እንደገና ይሞክሩ’ የሚል ጽሑፍ ይመጣል። ድልድይ ‘እንደገና ይሞክሩ’ አይልም!»

«እርስዎ ግን ጋሼ፣ ወንዙ የት እንዳለ ያውቃሉ። ለእኔ ዛሬ ‘ድልድይ ሥራልን’ ይሉኛል፤ ግማሽ ስደርስ ‘መርከብ ማለታችን ነበር’ ይላሉ።»

«እና ምን ታደርጋለህ?»

«ድልድዩን እንዲንሳፈፍ አደርገዋለሁ።»

ጋሼ ሳቁ። ሲስቁ የሰማሁት በስንት ጊዜ! ወዲያው ግን ፊታቸውን ሰበሰቡት፣ ሰው እንዳያይባቸው።

ከፊርማው በፊት በነበረው ቀን ሥራው አለቀ። ጋሼ ሁላችንንም ጠሩና የሙያቸውን ሕግ ነገሩን፤ የሠራ ሰው መጀመሪያ ክብደቱን ይጥልበታል። ኮታቸውን አወለቁ፣ ቱቦውን በሁለት እጃቸው ይዘው ጉልበታቸውን አጠፉ፤ ሙሉ ሰውነታቸው ተንጠለጠለ። ቱቦው ጭጭ። «ና» አሉት ልጁን።

ልጁ አመዱ ቡን አለ። «በሠራሁት ነገር ላይ ክብደቴን ጥዬ አላውቅም» አለኝ በሹክሹክታ። ዓይኑን ጨፍኖ ከጎናቸው ተንጠለጠለ። ሁለቱ ወንዶች፣ አንዱ በሸሚዝ አንዱ በሹራብ፣ እንደ ታጠበ ልብስ ተሰቅለው ቆዩ። ሲወርድ ጋሼ የመጨረሻውን ንድፍ ዘርግተው እስክሪብቶ ሰጡት።

«ከእኔ ሥር ፈርም።»

«ጋሼ... ከፈረምኩ በኋላ ማስተካከል ይቻላል?»

«አይቻልም።»

ሃያ ስድስት ቀዳዳ ሲበሳ አንዴ እንኳ ያላመነታ ሰው እስክሪብቶውን ሁለት ጊዜ ከፍቶ ዘጋ። ስሙን ለመጻፍ የፈጀበትን ያህል እኔ እጅጌ እተክላለሁ። ጋሼ ፊርማውን ደግመው አዩት፣ ወረቀቱን አጠፉት፣ ኪሳቸው ከተቱት። ትከሻውንም መታ አደረጉት።

በማግስቱ ጠዋት ሙሽራዋ ታክሲ ውስጥ ሆና ትጠብቃለች። እትዬ ከላይ ብቅ አሉ፤ የሰፋሁላቸው ቀሚስ፣ ያ የማውቀው ጥቁር ጫማ። ጋሼ ከፊታቸው የኋሊት ይወርዳሉ። ልጁ ከኋላ ይከተላል። እኔ የቀሚሱን ጫፍ ይዣለሁ። እትዬ መደገፊያውን ጨብጠው አንድ ደረጃ ወረዱ። ሁለት። አምስት። በየበሩ ሰው ቆሟል፤ የሚተነፍስ የለም። አሥራ ሰባተኛው ላይ ቆሙ።

«ምነው እታለም? ተነቃነቀ?»

«አልተነቃነቀም። አንተ ነህ ከፊቴ እንደ በር የቆምከው። ዘወር በል፣ ልውረድበት!»

ወረዱ። ሠላሳ አራቱንም። ሰው አጨበጨበ፤ እኔ አለቀስኩ፤ ጋሼ አቧራ ገባብኝ አሉ። እትዬ ወደ ውጭው በር ሄዱና ቆም አሉ።

ከበሩ ውጭ አንድ ደረጃ አለች። ወደ መንገዱ የምታወርድ፣ ከሁሉም ከፍ ያለች፣ ጫፏ የተሸረፈ። መደገፊያው ከውስጥ አልቋል።

«ይህችን ለምን አልነደፏትም ጋሼ?» አለ ልጁ።

«ከሕንፃው ወሰን ውጭ ናት! የመንገድ ናት። አንተስ ያን ሁሉ ሰው ስትጠይቅ?»

«ማንም አላነሳትም!»

«ሰው ያላነሳው ሁሉ የለም ማለት ነው?»

«ያልተነደፈውስ?»

ጋሼ ሜትራቸውን ከሠርግ ኮታቸው ኪስ መዘዙ። ልጁ ጎንበስ ብሎ ግድግዳውን በጣቱ እያንኳኳ መንጠቆ የሚይዝ ቦታ መፈለግ ጀመረ። አንዱ ሃያ ስምንት ሳንቲ ሜትር ነው ይላል፤ ሌላው ለጊዜው ሳጥን ብናስቀምጥ ይላል። እኔም በመሐል ገብቼ ሳጥኑ ይንሸራተታል እላለሁ።

እትዬ አንዴ እኛን፣ አንዴ ደረጃዋን አዩ። ዱላቸውን ለእኔ ሰጡኝ። ከዚያ ዞር ብለው ጀርባቸውን ለመንገዱ ሰጡ፣ የበሩን ሁለት ጠርዝ ግራና ቀኝ ያዙ፣ ከአልጋ እንደሚወርድ ሰው አንድ እግራቸውን ወደ ኋላ ሰደዱ፣ ሌላውን አስከተሉ። በቃ። ዱላቸውን ተቀበሉኝ።

ሁለቱ መሐንዲሶች አሁንም አጎንብሰው እየለኩ ነው። የታክሲው በር ሲዘጋ ነው ቀና ያሉት። እትዬ ከሙሽራዋ ጎን ተቀምጠው መስኮቱን ዝቅ አድርገዋል።

«ምስክር ደርሳለች!» ብለው ጮኹ። «ሙሽራ ካለ ይምጣ፤ ከሌለ እንሂድ!»