የግራ ጉንጭ

ከፍያለው የመጨረሻዋን ብሎን ሲፈታ ካቻቢቴው አዳለጠውና የስካነሩን ጎን ጫረው። ሚስቱ አለምዘውድ ዐይኗን ጨፈነች። ዕቃው የመሥሪያ ቤት ነው። ከፍያለው አለቃውን ለምኖ፣ ከነኮምፒዩተሩና ከነማተሚያው ፒክአፕ ላይ ጭኖ፣ ትናንት ቅዳሜ ነው በሰው አገር፣ ቡኮቶ በሚባል ሰፈር ወደሚኖሩበት ቤት ያመጣው። ነገ ሰኞ ጠዋት በሁለት ሰዓት ቦታው መገኘት አለበት።

ነገ ደግሞ አማቱ እትዬ ለተጊዮርጊስ ወደ አዲስ አበባ ይመለሳሉ። ከእሳቸው ጋር የሟች ባላቸው ፎቶግራፍም ይሄዳል። መዳፍ የምታህል አንዲት ፎቶ ናት፤ ሌላ የለችም። አለምዘውድ የአባቷን መልክ ዛሬ ካላስቀረች መቼ እንደምታገኘው አታውቅም። ፎቶ ቤት እንድትወስዳት እናቷ እሺ አላሉም። የሠርጋቸውን ፎቶ አንዴ ለፎቶ ቤት ሰጥተው በዚያው ቀርቷልና፣ ይችኛዋን ከዐይናቸው አያርቋትም።

ጠዋት ታትሞ የወጣው ወረቀት ላይ ሁለት ነጭ ነገር ታየ፤ አንዱ ከአባትየው ትከሻ በላይ፣ አንዱ ግራ ጉንጫቸው ላይ። ከፍያለው የስካነሩን መስታወት ከላይ ደጋግሞ ወለወለ፤ ለውጥ የለም። በባትሪ ሲያየው መስታወቱን ጉም አልብሶታል፤ ጉሙም ከውስጥ በኩል ነው። ጥፋቱ የራሱ ነበር፤ ትናንት ማታ ላጽዳው ብሎ ያርከፈከፈው ውሃ በጠርዙ ሰርጎ ገብቷል።

አሁን ክዳኑን ከነመስታወቱ አንስቶ አልጋ ልብስ ላይ ገለበጠው። ጨርቅ ተፈለገ። ፎጣው ብናኝ ይተዋል፣ የአለምዘውድ ሻሽ ያንሸራትታል። እትዬ ለተጊዮርጊስ ከመነጽራቸው ማኅደር ለስላሳዋን መጥረጊያ አውጥተው ሰጡት። የአገሩ ሰው ዋራጊ ከሚለው አረቄ ከጎረቤት ትንሽ መጣና ጨርቁ ላይ ጠብ ተደረገ።

“ለመስታወቱ ነው እንግዲህ፤ አንተ እንዳትቀምሳት” አሉ አማቱ።

ከፍያለው ሳቀ። ቀስ ብሎ ከዳር እስከ ዳር ጠረገና ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙሮ አየው። ጠርቷል። ብሎኖቹን ሲመልስ አንድም አልተረፈውም፤ በዚህ ብቻ ኮራ።

እትዬ ለተጊዮርጊስ ፎቶውን ከቦርሳቸው አውጥተው፣ እንደ ልማዳቸው ሳም አድርገው ሰጡት። ስካነሩ እያጉረመረመ ሠራ፤ ወረቀቱ ወጣ። ትከሻው ጋ የነበረው ጠፍቷል። የጉንጩ ግን እዚያው ነው።

ከፍያለውን ላብ አጠመቀው። በደንብ አልጠረግሁትም ብሎ ካቻቢቴውን መልሶ አነሳ። አለምዘውድ ግን ፎቶውን ይዛ ወደ መስኮቱ ተጠጋች። የአባቷ ግራ ጉንጭ ተፍቆ የወረቀቱ ንጣት ወጥቷል። እናቷ ሲስሙት ሁልጊዜ በዚያው በኩል ነው። ሳቋ አመለጣት።

“ተወው ከፍያለው፣ ስካነሩ ደህና ነው” አለች። “እማዬ፣ አንቺ ነሽ። ከሞተ ወዲህ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስመሽ ስመሽ ጉንጩን ጨረስሽው።”

እትዬ ለተጊዮርጊስ መነጽራቸውን አድርገው ለረጅም ጊዜ አዩት። ዐይናቸው እንባ አቀረረ፣ አፋቸው ግን ይስቅ ነበር።

“ደግ ሰው” አሉ፤ “አንድ ቀን እንኳ በቃኝ አላለኝም።”

ከዚያ ፎቶውን በመሐረባቸው ጠቀለሉና ለልጃቸው ሰጧት። የታተመውን ወረቀት አንስተው ግራ ጉንጩ ላይ ሳሙት።

“እሱ አንቺ ጋ ይረፍ። እኔ ይሄኛውን እስማለሁ።”

ከፍያለው ካቻቢቴውን አስቀመጠና ማተሚያው ላይ ለአማቱ ሌላ አምስት ወረቀት ጨመረ።