የአያንቱ ምስክርነት

አያንቱን ለእንደራሴው ያገኘሁላቸው እኔ ነኝ። ሌላ ሰው እንዳደረገው አስመስዬ ላወራው ሞክሬ አውቃለሁ፤ አልሆነልኝም።

ከወለንጪቲ ወጣ ብላ ባለች ጨፌ ዲማ በምትባል መንደር የውሃ ቴክኒሻን ሆኜ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። የመንደሩ ቦኖ ከጥልቅ ጉድጓድ የሚወጣ ውሃ ነው ያለው። ሲያዩት ኩልል ያለ ነው፤ ግን ፍሎራይድ አለበት። በልጅነቱ የጠጣው ሰው ጥርሱ ይበልዛል፤ ዕድሜው ሲገፋ ደግሞ ወገቡና ጉልበቱ አልታጠፍ ይለዋል። በየወሩ ናሙና ወስጄ ቁጥሩን ለበላይ አካል እልካለሁ። መልስ መጥቶልኝ አያውቅም።

አቶ ዘካርያስ ከአካባቢያችን ለፓርላማ የተመረጡ ሰው ናቸው። ባለፈው ዓመት ምክር ቤቱ ለእረፍት ሲዘጋ መራጮቻቸውን ሊያነጋግሩ መጡና ቢሮዬ ገቡ። የመጠጥ ውሃ ጥራት ረቂቅ አዋጅን ከፊት ሆነው የሚገፉት እሳቸው ነበሩ። የአሥራ አንድ ዓመቱን ቁጥር ዘርግቼ አሳየኋቸው። በትዕግሥት ተመለከቱልኝ።

«ፈቃዱ፣ ቁጥር ማንንም አያስለቅስም» አሉኝ። «ሰው ስጠኝ።»

ወገባቸው የደረቀ ሽማግሌዎች እንዳሉ ነገርኳቸው።

«ሽማግሌ ቢጎብጥ ዕድሜው ነው ይባላል። ወጣት ይሁን። ሴት ብትሆን ደግሞ ይሻላል፤ መልከ መልካም።»

ወዲያው አያንቱ ትዝ አለችኝ። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ወለንጪቲ ልብስ ስፌት ቤት ትሠራ ነበር። ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። አዳማ ሲኖትራክ የሚነዳ ሚኪያስ የሚባል ልጅ አጭቷት ሠርጉ ለጥር ተቆርጦ ነበር። ሚኪያስ ጥርሷን ያውቃል። እናቱ ግን ሁለት ጊዜ አግኝተዋት፣ ሁለቱንም ጊዜ ከንፈሯን ገጥማ ነው ያሳለፈችው።

ቤታቸው ሄጄ ፓርላማ ኮሚቴ ፊት ቀርባ ስለ ውሃው እንድትመሰክር ጠየቅኋት። እናቷ እትዬ ዘርፉ በርጩማ ሳቡልኝ።

«ቴሌቪዥን ይኖራል?» አለችኝ አያንቱ።

«ኮሚቴ ብቻ ነው» አልኳት።

አልዋሸሁም፤ አላወቅሁም። ግን አቶ ዘካርያስን ደውዬ መጠየቅ እችል ነበር። ያልጠየቅኋቸው መልሱን ስለፈራሁ ነው።

«አዋጁ ከወጣ የውሃው ማጣሪያ መጀመሪያ ለኛ ነው የሚተከለው?» አሉ እትዬ ዘርፉ።

«ቃል ገብተዋል።»

ይሄ እውነት ነበር፤ ቃል ገብተዋል።

አዲስ አበባ የኮሚቴው አዳራሽ ውስጥ ሦስት ካሜራ ቆሟል። አያንቱ ካሜራዎቹን አየች፤ ከዚያ ዞር ብላ እኔን አየችኝ። አቶ ዘካርያስ እስክሪብቷቸውን ይዘው አጠገቧ ቆሙ።

«የኔ ልጅ፣ እስቲ አፍሽን ክፈቺ።»

በግማሽ ከፈተች።

«ትንሽ ጨምሪ። አትፈሪ፣ ቤትሽ ነው።»

አንደኛው ካሜራ ቀረበ። በእስክሪብቶው ጫፍ ጥርሶቿን አንድ በአንድ እያሳዩ ስለ ፍሎራይድ አብራሩ። ረዘመ። ምራቋ አገጯ ላይ ወረደ። ልትጠርገው እጇን ስታነሣ በቀስታ ይዘው አወረዱት።

ከኮሚቴው አባላት አንዱ «ለመሆኑ ትቦርሻለች?» ብለው ጠየቁ። ጥቂት ሰዎች ሳቁ።

«እቦርሻለሁ» አለች አያንቱ። «የምጉመጠመጠው ግን በዚያው ውሃ ነው።»

አዳራሹ አጨበጨበ። ስንወጣ አቶ ዘካርያስ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «በቃ፣ አዋጁን አጸደቀችልን» አሉኝ። እንዳሉትም በወሩ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

የመሰከረችበት ቀን ማታ በዜና ታየች። በማግስቱ የወለንጪቲ ባጃጅ ነጂዎች ሲያይዋት «አያንቱ፣ ትንሽ ጨምሪ» ይሉ ጀመር። የስፌት ቤቷ ባለቤት ደንበኛ እንዳይሸሽ ብላ የስፌት መኪናዋን ወደ ጓዳ አስገባችባት። ሳምንት ሳይሞላ ከአዳማ ሽማግሌዎች መጥተው ሠርጉ እንደቀረ ተናገሩ።

የሚኪያስ እናት ቤት ድረስ ሄድኩ። ነገሩ ከውሃው እንጂ ከዘር እንዳልሆነ፣ ሌላ ውሃ ጠጥቶ ያደገ ልጅ ጥርሱ እንደማይበልዝ አስረዳኋቸው። በአክብሮት ሰሙኝ።

«ገብቶኛል ልጄ» አሉ። «ግን እንግዳው ሁሉ ሠርግ ሊበላ ሳይሆን አፏን ሊያይ ነው የሚመጣው።»

ሚኪያስ እዚያው ሶፋ ላይ ተቀምጦ ነበር። ዓይኑን ከስልኩ አላነሣም።

ከዚያ አዋጁ ሥራ ላይ ዋለ። ፍሎራይዱ ከልክ ያለፈ የሕዝብ ቦኖ ሁሉ ማጣሪያ እስኪተከልለት ይታሸግ ይላል። የማጣሪያው የመጀመሪያ ዙር ደግሞ ከአሥር ሺህ ሰው በላይ ላላቸው ከተሞች ነው። ጨፌ ዲማ ሦስት ሺህ አትሞላም። የማሸጊያው ደብዳቤ በእኔ ስም መጣ። ለአቶ ዘካርያስ ደወልኩ።

«ሕግ ለአንዲት መንደር ተብሎ አይወጣም፣ ፈቃዱ» አሉኝ። «ልጅቷን ሰላም በልልኝ። የምስክር ወረቀት አዘጋጅቼላታለሁ።»

ቦኖውን በሰንሰለት ጠርንፌ ቆለፍኩ። ሴቶቹ ባዶ ጀሪካን ይዘው ያዩኝ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከብት ከሚጠጣበት ኩሬ መቅዳት ጀመሩ። ልጆች ተቅማጥ ያዛቸው። በሦስተኛው ሳምንት አማኑ የሚባል የእትዬ ዘርፉ ጎረቤት የስምንት ወር ሕፃኑን ቀበረ። ከቀብር ሲመለሱ የሕፃኑ እናት ለእትዬ ዘርፉ «ልጅሽ አፏን ዘግታ ብትቀመጥ ኖሮ» አለቻቸው። እትዬ ዘርፉ ቤታቸው ገብተው ለአያንቱ ቃል በቃል ነገሯት።

በማግስቱ ረፋድ ላይ አያንቱ ዲጅኖ ይዛ ቦኖው ጋ መጣች። እኔ እዚያው ቆሜ ነበር። በአራተኛው ምት ቁልፉ ወደቀ።

«ሰበረች ብለው ይጻፉኝ፣ ጋሼ» አለችኝ።

አልጻፍኳትም።

ሲያኮርፏት የከረሙት ሴቶች አንድ ሁለት እያሉ ጀሪካናቸውን ይዘው መጡ፤ ተሰለፉ። የአማኑም ሚስት መጣች። አያንቱን ሰላም ያላት የለም። እሷም ዲጅኖዋን ተሸክማ ወደ ቤቷ ሄደች።

ከሰዓት በኋላ ሁለት ፖሊሶች በሞተር መጡ። ማን እንደሰበረው ሲጠይቁኝ አላየሁም አልኳቸው። ወደ ሰልፉ ዞሩ።

«የዘርፉ ልጅ ናት» አለች ከፊት የነበረችው፣ ከምትቀዳበት ቀና ሳትል። ከኋላዋ ያሉትም አዎ አሉ፤ አንዷ ቤቱን በጣቷ አሳየች። ከሰልፉ የወጣ ሰው አልነበረም።

አያንቱ ወለንጪቲ ጣቢያ ሦስት ቀን ታስራ ተለቀቀች። ቤት ውላ ሳታድር ሻሸመኔ የሚሄድ መኪና ተሳፈረች። እዚያ ስፌት አግኝታለች ይባላል። ስደውልላት አታነሣም።

ቦኖውን መልሶ የሚያሽግ አልመጣም። መንደሩም እንደ ድሮው ይጠጣል። እትዬ ዘርፉ ግን የሚቀዱት ሌሎቹ ሁሉ ቀድተው ሲሄዱ ነው። አንድ ቀን ፀሐይ ላይ ጥግ ይዘው ሲጠብቁ አገኘኋቸውና ማን እንደከለከላቸው ጠየቅኋቸው።

«ማንም» አሉኝ። «ተራዬ ሲደርስ ሴቶቹ ሁሉ ዝም ስለሚሉ ነው።»