ተነብቦልኝ፣ ተረድቼ

ሚስተር ኩሪያን ሊፈርም ብዕሩን አንሥቶ እጁ መሐል ላይ ቀረ። አፍንጫውን ወረቀቱ ላይ ደፍቶ አንዲት ቦታ በጣቱ ነካ፤ ቀና ብሎም ወልደሰንበትን አየው።

"ይኼ ጥሩ አይደለም" አለ በተሰባበረ አማርኛ።

ወልደሰንበት ደነገጠ። ኮልፌ ገበያ ዳር፣ ወይዘሮ ዋጋነሽ በረንዳ ላይ ጠረጴዛ ዘርግቶ ማመልከቻና ውል መጻፍ ከጀመረ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ለውጭ አገር ሰው የኪራይ ውል ሲጽፍ ግን ይኼ የመጀመሪያው ነው። ሕንዱ የሒሳብ አስተማሪ ነው፤ አማርኛን ከገበያ ለቃቀመ እንጂ አንድ ፊደል አይለይም። ታዲያ አምስተኛውን አንቀጽ በምን አነበበው?

አምስተኛውን አንቀጽ ያስጻፉት የቤቱ ባለቤት ወይዘሮ ዋጋነሽ ናቸው። "አከራይ በፈለጉ ጊዜ ተከራይ በሦስት ቀን ውስጥ ቤቱን ለቆ ይወጣል" ይላል። ጠዋት ሲጽፈው፣ "እትዬ፣ ሦስት ቀን አላነሰም?" ብሏቸው ነበር።

"ያለፈው ተከራይ ሲጠፋ በሬን ነቅሎ ነው የሄደው። ልጄም ከጅማ ሚስቱን ይዞ እመጣለሁ ብሏል፤ የት ላስገባው? ሕንዱ እንደሆነ ምን ይቸግረዋል፣ ያመጣው መንግሥት ነው።"

እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና አልፈረደባቸውም። ዝም ያለው ግን ለዚያ ብቻ አይደለም። በረንዳው የእሳቸው ነው። የአገሩን ውል ሁሉ ሲጽፍ የኖረ ሰው ለገዛ መቀመጫው አንዲት ብጣሽ ወረቀት የለውም። "ተነሥ" ካሉት ሦስት ቀንም አያገኝም።

"ምን እያለ ነው?" አሉ ወይዘሮ ዋጋነሽ። "ገባው እንዴ?"

"እኔ እንጃ፣ እትዬ።"

"ሚስተር፣ ቤቱን ወደውታል አይደለም?"

ሕንዱ ራሱን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ወዘወዘ።

"አሁን ይኼ እሺ ነው እምቢ?" አለ ምስክሩ ቀጄላ፣ የጎረቤቱ አናጢ። ቀጄላ እንደሆነ፣ "አንተ ጽፈኸው ምን ይነበባል!" ብሎ አውራ ጣቱን ካተመ ቆይቷል።

ወልደሰንበት ውሉን አየ፣ ሕንዱን አየ። መካድም ማመንም አልሆንልህ አለው።

"የቱ ነው ያልገባዎት?" አለ በመጨረሻ።

"ስልሳ አራት!" ሕንዱ ከውሉ ራስ ላይ የተጻፈውን ቀን በጣቱ መታ መታ አደረገው። "ስልሳ አራት አልፏል። ሰባት ዓመት! ሚስቴ፣ ሁለት ሴት ልጆች፣ የሚመጣው ወር ይመጣሉ። ያለፈ ቤት ምን አደርጋለሁ?"

ቀኑ ነው ለካ! ወልደሰንበት ሊስቅም ሊያለቅስም ቃጣው። ብዕሩን ተቀብሎ በብጣሽ ወረቀት ላይ 1964 ጻፈ፤ ከጎኑ 1971፤ ሁለቱንም በመስመር አገናኛቸው።

"ይኼ የእኛ፣ ይኼ የእናንተ። ሁለቱም ያው አንድ ዓመት ነው።"

ሚስተር ኩሪያን ግንባሩን በመዳፉ መትቶ ሳቀ። ራሱንም እንደገና ወዘወዘ፤ አሁን እሺ ማለቱ እንደሆነ ለሁሉም ገባቸው።

"እኔ ፈርቼ ነበር" አለ። "ሰው ሁሉ ተጠንቀቅ አለኝ። አንተ ጥሩ ሰው። አንተ ካለህ ማንበብ የለም።" ብዕሩንም ለመቀበል እጁን ዘረጋ።

ወልደሰንበት ብዕሩን አልሰጠውም። ዓይኑ በወረቀቱ የመጨረሻ መስመር ላይ አርፎ ነበር። ለሁሉም ውል የሚጽፋት፣ እጁ ሳያስብ የሚጨርሳት መስመር ናት፦ "ውሉ ተነብቦልኝ፣ ተረድቼ፣ ወድጄ ፈረምሁ።" ለማን ተነበበ? ማን ተረዳ? ምነው ሰውየው እውነትም አምስተኛውን አንብቦ በያዘኝ ብሎ ተመኘ። የቀኑን ነገር አስረድቶ መመስገኑ ከሁሉ ይልቅ አሳፈረው።

"አስፈርመው እንጂ!" አሉ ወይዘሮ ዋጋነሽ። "ምን ትጠብቃለህ?"

"ሳይነበብ አይፈረምም፣ እትዬ።"

"ቢነበብለትስ ይሰማል?"

"ይሰማል።"

መዳፉን በወረቀቱ ላይ አድርጎ በሌላው እጁ ሦስት ጣቱን አነሣ። በመጀመሪያ ወይዘሮ ዋጋነሽን፣ ቀጥሎ የቤቱን በር፣ ከዚያ መንገዱን አሳየው።

"እሳቸው ውጣ ካሉ፣ ሦስት ቀን" አለ ቃሉን እየቆጠረ። "ሚስት፣ ልጆች፣ ዕቃ፣ ሁሉም ውጪ።"

የሕንዱ ሳቅ ከፊቱ ጠፋ። "ሦስት?" አለና የራሱን ጣቶች ቆጠረ። ከዚያ እጁን ሰብስቦ ኪሱ ውስጥ ከተተ።

"ወልደሰንበት!" ወይዘሮ ዋጋነሽ ከተቀመጡበት ዱካ ተነሡ። "በማን በረንዳ ተቀምጠህ ነው?"

"በእርስዎ፣ እትዬ።"

ቀጄላ ቀለም የነካ አውራ ጣቱን በሱሪው እየጠረገ ወደ ገበያው ዞረ። ወልደሰንበት የተጻፈውን ውል አጥፎ ከጠረጴዛው ጫፍ ላይ አኖረ፤ ንጹሕ ወረቀትም አወጣ። ከላይ ሁለቱንም ዓመት ጎን ለጎን ጻፈ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት እያለ የቀደሙትን አንቀጾች ገለበጠ። አምስተኛው ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ አሁንም በቁጣ ቆመው ያሉትን ባለቤት ተመለከተ።

"እትዬ" አለ፣ "ስንት ወር ልበል?"